ከአሥራ አንዱ የቀረው

ያን ዓርብ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ በወደብ ከተማዋ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር፣ በአበዛሽ ምግብ ቤት አምስት ሰዎች ነበሩ፦ የእግር ኳስ አሠልጣኙ እሸቴ፣ የቡድኑ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኪዳን፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው አልአዛር፣ የቤቱ ባለቤት አበዛሽ፣ እና ከሐረርጌ መጥቶ ወደ የመን የሚሻገርበትን ተራ የሚጠብቀው ቶላ። ቶላ በሩ አጠገብ ለብቻው ተቀምጦ ፉል ይበላል። አበዛሽ ምድጃው ጋ ናት። ሌሎቹ መሀል ጠረጴዛውን ከበው የእሸቴን ሥራ እየመዘኑ ነው።

«ስድስት ዓመት፤ ሃያ ሁለት ጨዋታ፤ አምስት ድል» አለ ኪዳን፣ ድሎቹን በጣቱ እየቆጠረ። «ከአምስቱም አንዱ ሶማሌዎቹ ቀርተው በፎርፌ ያገኘነው ነው።»

«ፎርፌም ድል ነው» አለ እሸቴ።

«መቼ አጣሁት? እንዲያውም በደንብ የመራኸው እሱን ነው።»

በከተማዋ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች በየዓመቱ ውድድር ያደርጋሉ። ሁሉም በአገሩ ስም ስለሚገባ፣ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ እዚህ የከተሙ ቤተሰቦች ልጆችና ጥቂት ሾፌሮች የተሰባሰቡበት የእሸቴ ቡድን ብሔራዊ ቡድን ይባላል። ሲሸነፍም እንደ ብሔራዊ ቡድን ይሰደባል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ከየመኖች ጋር ይጫወታል። ከተሸነፈ ሌላ አሠልጣኝ እንደሚፈለግ ኪዳን ገና ከመቀመጡ ተናግሯል።

አልአዛር የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ወደ ራሱ ሳበ። «ጋሽ እሸቴ፣ እውነት እንድሪያስን ነው አጥቂ ያደረግኸው? አርባ ሊሞላው ነው እኮ። ኳስ ደርሶት እስኪዞር የመኖቹ ጁምዓ ሰግደው ይመለሳሉ።»

«እንድሪያስ ልምድ አለው።»

«ሆድም አለው» አለች አበዛሽ ከወደ ምድጃው።

«ያ ልጅ» አለ አልአዛር፣ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ፣ «በሦስት ቀን ልምምድ ሰባት አገባ። በዓይናችን አይተናል። ለምንድን ነው የማይሰለፈው?»

ቶላ ቀና አላለም፤ ማኘኩን ግን አቆመ። እሸቴ አየው። እንዳላየ ሆኖ የሻይ ብርጭቆውን አነሣ።

«የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ፈቃድ የሌለው አይሰለፍም፤ የውድድሩ ሕግ ነው።»

ላለፉት ሁለት ዓመታት ወደ ባሕሩ የሚያልፉትን ልጆች ሁሉ የመለሳቸው በዚህ ቃል ነበር። የጠየቀውም አልነበረም። ዛሬ ግን ኪዳን ስልኩን አወጣና የውድድሩ አዘጋጅ ለሆነው ለኢማድ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ በዐረብኛ ጠየቀው። ኢማድ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሕግ ኖሮ እንደማያውቅ፣ ሰውየው ጫማ ካለው እንደሚበቃው ነግሮት ዘጋ።

«ሰማህ?» አለ ኪዳን።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸን?»

እሸቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ወሰኑን ታስታውሱታላችሁ?»

«የግራ መስመሩን ልጅ?» አለ አልአዛር። «እሱ ይረሳል? ሪያድ ገባ ብለኸን የለም እንዴ?»

«ብያለሁ። አልገባም።»

አበዛሽ ምድጃውን ትታ መጣች።

እሸቴ የሚናገረው ወደ ጠረጴዛው ነበር። «ተራው ረቡዕ ነበረ። ጨዋታው ዓርብ ነው፣ አንድ ሳምንት ምን አላት፣ ቆይ አልኩት። ቆየ። ሁለት አገባ፤ በትከሻችን ተሸክመን ሰፈሩን አዞርነው። በሳምንቱ የተሳፈረበት ጀልባ ሰጠመ። የተረፈ አንድ ልጅ ጀልባው ወደተነሣበት ወደ ኦቦክ ተመልሶ ነገረኝ።»

«የረቡዑስ?» አለች አበዛሽ ቀስ ብላ።

«የረቡዑ በሰላም ደርሷል።»

ኪዳን ቅድም የቆጠረባቸውን ጣቶች ጠረጴዛው ሥር አደረጋቸው። ያቺ ጨዋታ ከአምስቱ አንዷ ናት።

እሸቴ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ። ልጁን በስሙ ጠርቶት አያውቅም ነበር። «ቶላ፣ አልቻልክም ብዬ አይደለም የተውኩህ። ተራህ ሲደርስ እንድትሄድ ነው። በእኔ ሰበብ አንዲት ቀን እንዳትቆይ።»

ቶላ እጁን በወረቀት ጠረገ። «ተራዬ ማክሰኞ ነበር፣ ጋሼ።»

«የትኛው ማክሰኞ?»

«የአሁኑ። ጓደኞቼ ሄዱ። እኔ ለዛሬው ጨዋታ ቀረሁ።»

«ማን አሰልፍሃለሁ አለህ?»

«ማንም አላለኝም። ሰባት ካገባሁ ዝም አይሉኝም ብዬ ነው።»

«ጓደኞችህስ?» አለ አልአዛር።

«ትናንት ደወሉ። ደርሰዋል።»

አበዛሽ ቀጣዩ ጀልባ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። እሑድ ነው አላት።

እሸቴ ዝርዝሩን ተቀብሎ የእንድሪያስን ስም ሰረዘ። እስክሪብቶው እዚያው ቆመ። ወረቀቱን ወደ ኪዳን ገፋው።

«አንተ ጻፈው።»

ኪዳን አልነካውም። «አሠልጣኙ አንተ ነህ» አለ፤ ቅድም የነበረው ቁጣ ግን ድምፁ ውስጥ አልነበረም። እሸቴ ወደ አልአዛር ተመለከተ። አልአዛር ወለሉን ያያል።

እሸቴ ወረቀቱን መልሶ ሳበና ስሙን ራሱ ጻፈ።

ቶላ አሥር ሰዓት ላይ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ ገባ። አንድ ግብ አገባ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ቅዳሜ ኮሚቴው እሸቴን አሰናበተው። እሑድ አመሻሽ ላይ ቶላ ወደ ኦቦክ በሚሄደው መኪና ተሳፈረ።