የተሰረቀ ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ከገባች ወዲህ ወንድ ልጇ በየቀኑ ይደውልላታል። ድሮ በወር አንዴ ካስታወሳት ተመስገን ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ምን ጊዜ አለው!

«አየሽ፣ መታመምሽ ጠቀመሽ» አለቻት ሴት ልጇ። ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ሴት ልጇ ባንክ ነው የምትሠራው። በሰው ስም ደውለው፣ በሰው መታወቂያ ገብተው፣ ንብረቱን ጠራርገው ስለሚሄዱ ሌቦች የማታውቀው የለም። እናቷንም ገና ሳትታመም አስጠንቅቃታለች። «የሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም እንዳትሰጪ። ‹ልጅሽ ነኝ› የሚልሽንም ቢሆን እሱ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቂው።»

እናት ደግሞ አንዴ የሰማችውን አትረሳም።

የሚደወልበት ቁጥር የልጇ ነው። ድምፁም የልጇ ይመስላል፤ ግን ጉንፋን የማይለቀው ሆነ። ልጇ «አለቃ» ነበር የሚላት፤ ይሄኛው «እማዬ» ይላል። ደግሞ አማቿ፣ እዚሁ አብሯት የሚኖረው የሴት ልጇ ባል፣ ቤት ካለ ስልኩ ጭጭ ነው። አማቿ «እማማ፣ ዳቦ ልግዛ» ብሎ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ይጮኻል።

አንድ ቀን ጠየቀችው።

«ስማ እስቲ፣ ልጅ ሆነህ የዋጥካት የሸሚዝ ቁልፍ ቀለሟ ምን ነበር?»

ሳል ሳል አደረገው። «ቀይ ነበረች መሰለኝ፣ እማዬ።»

ልጇ ቁልፍ ውጦ አያውቅም። ዋጥኩ ብሎ ሰፈሩን ካተራመሰ በኋላ ከካልሲው ውስጥ አውጥቶ ለእሷ ብቻ አሳይቷታል፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል። ስልኩን ዘጋችው።

ቤቱ በእሷና በልጇ ስም ነው። የልጇን ስም የያዘ ሰው ቤቱንም ያዘ ማለት ነው። «ቤቱስ ገደል ይግባ» አለች፤ «ልጄን ምን አድርገውት ነው?»

ለሴት ልጇ ነገረቻት። «ፖሊስ ጣቢያ ውሰጂኝ።»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «መስመሩ ተቆራርጦ ይሆናል እኮ። ሐኪሙ ልብሽ ድንጋጤ አይችልም አላለሽም? ትንሽ ጠንከር በይና እንሄዳለን።»

«ሌባው እስክጠነክር ይጠብቀኛል?»

«በሞቴ፣ እማዬ!»

ለባዳው ሁሉ «ሳትውሉ ሳታድሩ አመልክቱ» የምትለው ልጅ ናት እንግዲህ ይቺ።

ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ገለጠች። ጎረቤቶች ሊጠይቋት ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አያወሩም። አንዷማ እንባዋ ዱብ ሲል «አቧራ ገብቶብኝ ነው» ብላ ተነስታ ወጣች። ግቢው ውስጥ ሲንሾካሾኩ የነበሩት እሷን ሲያዩ ጸጥ ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው! ሰፈር ያወቀውን ሌባ እሷ ጉያዋ ውስጥ አስቀምጣ ታበላለች።

የሴት ልጇ ቦርሳ ነገርም አለ። ድሮ ትንሽዬ ቦርሳ ነበር የምትይዘው፤ አሁን ጓዝ የሚይዝ ትልቅ ቦርሳ ሆኗል። ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ ጎረቤት ትገባና ቆይታ ነው ወደ ቤት የምትመጣው። ከዚያ ቦርሳውን ቆልፋ አልጋ ሥር ትወሽቀዋለች። ከናቷ የሚቆለፍ ነገር መቼ ነበራት?

አንድ ከሰዓት አማቿ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ጥግ ቆማ ጠበቀች። አማቿ ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። መሐረብ አፉ ላይ አደረገ። ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለ ድምፁ፤ በአንድ ጆሮዋ ከስልኩ፣ በሌላው ከመስኮቱ።

«ደህና ነኝ ልጄ» ብላ ዘጋችው።

ሴት ልጇ ገላዋን እየታጠበች ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳውን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። ለቁልፉ አልተጨነቀችም፤ መቀሷን አንስታ ስፌቱን በጎን ተረተረችው። የቤቱን ካርታና የልጇን መታወቂያ ፍለጋ እጇን ሰደደች።

ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ብቻ ነበር፤ ቀሚሱ ብዙ ከመለበሱ የተነሳ ክርኑ ላይ ሳስቷል።