ርግጫውን የሚበላ ጠመንጃ

አንዴ ተኩሼ ምላጩን ደግሜ ስስብ ጠመንጃዬ ጭጭ ይላል። ባዶው ቀለህ ሆዱ ውስጥ ቀርቷል፤ አዲስ ጥይት አልጎረሰም። ዳክዬዎቹ ጎርፍ ከተኛባቸው የኦክ ዛፎች በላይ ተምዘግዝገው ሲያመልጡ እኔ እስከ ጭኔ ውሃ ውስጥ ቆሜ እንደ ጅል አያቸዋለሁ።

የሟች ሚስቴ ወንድም ዌንደል ይህችን ቀን ሲጠብቅ ነው የሸበተው። የሱ ጠመንጃ በጋዝ ነው የሚሠራው። የተቃጠለው ባሩድ ጭስ እየገፋ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሰዋል፤ ርግጫው ለስላሳ ነው፣ ግን ከእያንዳንዱ አደን በኋላ ተቀምጦ ጥላሸት ሲፍቅ ያመሻል። የኔው ጋዝ አያውቅም። የራሱን ርግጫ በልቶ ነው የሚያድረው፤ ትከሻ ጸንቶ ከቆመለት ያው ርግጫ ቀለሁን ጥሎ አዲስ ያጎርሳል። ቀላል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም እንደ ክብሩ ነው።

«በዋጋው የኔን ዓይነት ሁለት የሚገዛ ጠመንጃ አንዴ ተኩሶ ይተኛል» ይላል ዌንደል። «ለዚህ ነው ዕድሜ ልክህን የሰበክኸን?»

ልጄ ኮሪን ከጎኔ ካለው ዛፍ ሥር ሆና ታየኛለች። የምታየው ጠመንጃውን ሳይሆን ትከሻዬን ነው። በጸደይ ትከሻዬን ቀዶ ጥገና ከተደረግኩ ወዲህ፣ ካመመኝ የዘንድሮ አደን እንደሚቀርብኝ ቁርጡን ነግራኛለች። እኔም ብረት ሆኗል ብዬ ምያለሁ።

ጠመንጃዬ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠዋት እሷ ሳትነቃ ፎጣ አጥፌ ከኮቴ ሥር ትከሻዬ ላይ ወትፌአለሁ። ፎጣው ርግጫውን ከዋጠው ጠመንጃው ምን ይብላ? ወፍራም ኮት ደርቦ ለሚመጣ ሁሉ ይህን የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

«ብርዱ ይሆናል» ትላለች ኮሪን።

እሺ ብል እኔ እተርፋለሁ፤ የጠመንጃዬ ስም ግን እስከ ምሳ ሰዓት የአርካንሳስን ግዛት ያዳርሳል። ያንን አልችልም። ኮቴን እከፍትና ፎጣውን መዝዤ አወጣለሁ።

«ጠመንጃው ጤነኛ ነው» እላለሁ። «የታመመው ባለቤቱ ነው።»

ጆሮዬ ይግላል፤ አንገቴን ግን አልደፋም። ዌንደል እንኳ ሳቁን ይውጣል።

ኮሪን ውሃውን እየከፈለች መጥታ ጠመንጃዬን ትቀበለኝና የራሷን ታስይዘኛለች። እሱም የጋዝ ነው።

«ይሄ አያምህም። ነገም ከነገ ወዲያም በዚህ ትተኩሳለህ፣ አባዬ። ለማንም አልናገርም።»

«እኔ እናገራለሁ» ይላል ዌንደል።

ሌላ መንጋ ከላያችን ይዞራል። ዌንደል እንደ ዳክዬ የሚጮኸውን ፊሽካውን ያንጫጫል፤ እኛ ለማባበያ ያንሳፈፍናቸው የፕላስቲክ ዳክዬዎች ሕይወት ያላቸው እንዲመስሉ ውሃውን በእግራችን እንረግጣለን። መንጋው ክንፉን ሰብስቦ በዛፎቹ መሀል ሲወርድ እተኩሳለሁ። ትከሻዬን ገፋ አድርጎ ይለቀዋል፤ ምንም አላመመኝም። አንድ አረንጓዴ ራስ ዳክዬ ይወድቃል። ደስ ይላል፤ ለዌንደል ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግረውም።

ከዚያ ወደ ልጄ እዞራለሁ። ጠመንጃዬ እጇ ላይ ይተኩሳል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ይጎርሳል፣ ደግሞ ይተኩሳል። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። በየተኩሱ በእግሯ ዙሪያ ያለው ውሃ ይርገበገባል፤ የኮሪን ትከሻ ፍንክች አይልም።