የታሰረው በር

ይታክቱ የወታደር ልጇን የአበረን ልብስ በነጠላ ቋጥራ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደችው አልቅሳ ለመገላገል ነበር። ከሰል አክሳዮች ቁጥቋጦ ሲያቃጥሉ ያገኙት የወታደር ኦራል መኪና በሩ ላይ «አበረ ዘቡሬ» ተብሎ በምስማር ተጭሮበታል። ለቀስተኛው አፋፉ ላይ ተቀምጦ የእሷን ድምፅ ይጠብቃል፤ እናት ሳትጮህ ማን ይጮሃል? ደርግ ከወደቀ ጀምሮ፣ ልጄ በሌሊት ቢመጣ እንዳይቸገር ብላ የቤቷን በር ቀርቅራ አታውቅም።

ወንድሟ ዘሩ በተሰበረው መስኮት አጮለቀ። «አጥንት የለም፣ እታለም። ከወንበር ሽቦ በቀር ምንም የለበትም።» እሷ ግን እጇ የበሩ እጀታ ላይ ቀርቶ ነበር። እጀታው እሳቱ ባልደረሰበት፣ ራሷ ከፈተለችው ጋቢ በተቀደደ ጨርቅ ታስሯል። ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወሽቋል፤ አበረ የጥጆቹን ጋጣ የሚያስረው እንዲሁ ነበር።

«ከውጭ እኮ ነው የታሰረው!» ብሎ ጮኸ ዘሩ። «በደህና ወርዶ ነው የዘጋው! እልል በይ እንጂ!»

«ወርዶስ?»

ዘሩ ዙሪያውን አየ። ከገደልና ከተቃጠለ እሾህ በቀር የሚታይ አልነበረም። ከዚያ በሩን ለመክፈት ቋጠሮውን ሊቆርጥ ካራውን መዘዘ።

«ተው፣ አትንካው። ሊመለስ አስቦ ነው ያሰረው» አለችና የልብሱን ጥቅል ሳትፈታ መልሳ ታቀፈችው።

ከአፋፉ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፦ «ኧረ እናልቅስ ወይ?»

«ምን ልበላቸው፣ እታለም?»

«ወደየቤታችሁ ግቡ በላቸው» አለች ይታክቱ። «እኔማ ዛሬ እርሜን አውጥቼ በሬን ቀርቅሬ ልተኛ ነበር።»