ፍሬኑ በግራ ነው

«ዞር በይ፣ እኔ ነኝ የምነዳው» አለ ወንድሟ፣ እግሩን አሻግሮ ሞተሩ ላይ እየተደላደለ።

ፖስተኛዋ መሪውን አልለቀቀችም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከዚህ ሞተር ጋር ስትታገል የከረመችው እሷ ናት። ከአሮጌ ብረት ሻጭ ግቢ ዝናብ ሲደበድበው ያገኘችው እሷ፣ የዛገውን ሁሉ ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፋ በጥርስ ብሩሽ የፈገፈገችው እሷ፣ ካርቡሬተሩን ስድስት ጊዜ ፈታ ስድስት ጊዜ የገጠመችው እሷ። ታንኩን ጥቁር ቀለም ስትቀባው ቤቱ ሁሉ ሸትቶ ልጇ ሁለት ቀን አኩርፋታለች። ዛሬ ጠዋት ሞተሩ በሦስተኛው ርግጫ ተነሣ። ገና ድምፁን አጣጥማ ሳትጨርስ ታላቅ ወንድሟ የግቢውን በር ከፍቶ ገባ።

የመጣውም ነገሩን ጨርሶ ነው። ቁልቁለቱ ሥር ካፌ ያለው ወዳጁ ሞተሩን በር ላይ ለጌጥ ሊያቆመው ይፈልጋል፤ የሚቆምበት ሲሚንቶ ሳይቀር ትናንት ተለስኗል። ልጇም ተስማምታለች። ለነገሩ ፖስተኛዋ ከሁለት ዓመት በፊት ከደረጃ ወድቃ የግራ እግሯ ነርቭ ከተጎዳ ወዲህ፣ ስለ እሷ የሚወሰነው ሁሉ እሷ በሌለችበት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሞተር እየዞረች ደብዳቤ ያደለች ሴት፣ አሁን መድኃኒት ቤት እንኳ ብቻሽን አትሂጂ ትባላለች።

የግራ እግሯ ጣቶች ወደ ታች ይጫናሉ፤ ወደ ላይ ግን አይነሡም። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ደግሞ ማርሹ በግራ እግር ጣት ወደ ላይ ካልተነሣ አይሄድም። በዚህ ምክንያት ቁልፉን አስረክቢ አሏት፤ አስረከበች። ያን ቀን አላለቀሰችም። ተናደደች እንጂ፣ ንዴቱም እስከ ዛሬ አልበረደላትም።

«ወንድምጋሼ፣ ይሄ አንተ የምታውቀው ዓይነት ሞተር አይደለም» አለችው። «የድሮ ነው። ፍሬኑ በግራ ነው፣ ማርሹ በቀኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። ዛሬ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ደግማ ነገረችው። ለሦስተኛ ጊዜ ልትነግረው አፏን ስትከፍት ማርሹን በቀኝ እግሩ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቆ ሄደ።

አነሳሱስ ደህና ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ሊያቆም ፈለገና፣ ፍሬን በቀኝ እንደለመደ፣ በቀኝ እግሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። የረገጠው ማርሹን ነው። ሞተሩ ይባስ ብሎ ወደ ፊት ተፈናጠረ። ሰውየው በድንጋጤ ደግሞ ረገጠ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ ከተሰጣው ልብስ መሀል ገባ፣ አንሶላ እንደተከናነበ አጥሩ ሥር ያለው የቅጠል ክምር ላይ ተዘረጋ።

«ፍሬን የለውም» አለ፣ አንሶላውን ከፊቱ ላይ እየገፈፈ። «አላልኳችሁም? ይሄ ነፍሰ ገዳይ ነው። ለጌጥ ካልሆነ ለምንም አይሆንም።»

ፖስተኛዋ እያነከሰች ሮጠች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያየችው ወንድሟን ሳይሆን ሞተሩን ነው። አዲሱ ጥቁር ቀለም ላይ ጣት የሚያህል ጭረት ወጥቷል። የወንድሟን ደህንነት ከዚያ በኋላ አረጋገጠችና ሞተሩን ብቻዋን ታግላ አቆመችው። ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ ተወው አለችው።

ልጇ መጥታ አጠገቧ ቆመች። አንዴ የግራውን መርገጫ፣ አንዴ የእናቷን ጫማ አየች።

«እማዬ፣ በግራ በኩል ያለው የሚጫን ብቻ ነው?»

«የሚጫን ብቻ ነው።»

«ለዚህ ነው ይሄን የመረጥሽው?»

«ስምንት ወር ፈልጌ ነው ያገኘሁት» አለች ፖስተኛዋ።

ወንድሟ አንሶላውን እንደታቀፈ ሄዶ በሩ ላይ ተገተረ። ከዚህ በር በሞተር የምትወጣው በእሱ ሬሳ ላይ ተረማምዳ እንደሆነ ተናገረ። እሷ በቀኝ እግሯ ሞተሩን መታችው፤ አልተነሣም። ደግማ መታችው፤ ተነሣ።

«ወንድምጋሼ፣ ወይ ዞር በል፣ ወይ ከኋላዬ ውጣ።»

አልተንቀሳቀሰም። አንሶላውን ከእጁ የወሰደችው፣ እጁንም ይዛ ወደ ዳር የሳበችው ልጇ ናት። ከዚያ ተመልሳ የበሩን ሁለተኛ ክንፍ ከፈተች።

መንገዱ ጭር ብሏል። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሿን ውጣ የቆየች ይመስል ረጅም አየር ሳበች። በቀኝ ጣቷ ማርሽ ቀየረች፣ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ከኋላዋ ወንድሟ ስሟን ይጠራል። አልዞረችም።

የካፌው ባለቤት ሞተሩን ከሩቅ ሲያይ ፊቱ በራ። እጁን እያወዛወዘ መንገድ መሀል ወጣ። ፖስተኛዋ በግራ እግሯ ተጫነች፤ አልቋል የተባለው እግር ተጫነ፣ ሞተሩም ከአዲሱ ሲሚንቶ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቀጥ አለ።

«ጎበዝ እትዬ!» አለ ሰውየው። «ትንሽ ወደ ፊት ይግፉት። ሲሚንቶው ደርቋል፣ አይዞዎት።»

ሲሚንቶው ላይ ጎማ ጨምድደው የሚይዙ ሁለት የብረት ቀለበቶች ተተክለዋል። አየቻቸው። ከዚያ ቁልቁል ግራ እግሯን አየች፤ ፍሬኑን እንደተጫነ ነው፣ አልተንቀጠቀጠም። ሞተሩን አላጠፋችውም። መሪውን ወደ ዋናው መንገድ መለሰችና ነዳችው።

ከመሥሪያ ቤቱ ሞተር ፈታ አስቀርታ መሪው ላይ በገጠመቻት ትንሽ መስታወት ውስጥ፣ ሰውየው ባዶውን ሲሚንቶ በጣቱ እያመለከተ ቆሟል።