ያለ አሳዳጊ አይመዘንም

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ያለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ጥቂት ደንቦች አሉት። ክፍያው እንደ ቤተሰቡ አቅም ነው። ልጅ ከመመዘኑ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ግቢው ጭር ሲል፣ ከቤተሰቡ ጋር እየመጣ ይላመዳል። ያለ አሳዳጊ የመጣ ልጅ አይመዘንም። ቀጠሮውን ያሳለፈ ደግሞ ቦታው ለሌላ ይሰጥና እስከ መጪው ዓመት ይጠብቃል።

ምዘናውን የምትሠራው ገነት ናት፤ ቅዳሜ ስለማትገባ ልጆቹን የምታያቸው በምዘናው ቀን ብቻ ነው። ሳቂታ ነች፤ ደንብ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ኢቲቻ ለሚባል ልጅ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። እናቱ ብቅ አላለችም። ገነት በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ፣ በእሷ ፋንታ አንድ ሽማግሌና አንድ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲገቡ አየች። ልጁ ፊት ፊት ይሄዳል። ግራ ቀኝ ሳያይ ግቢውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ወደ ምዘናው ክፍል መጣ።

«ልጅ ይዘው መጥተዋል» አለ ዘበኛው ከድሩ፣ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሩ ላይ የሚቆመው እሱ ነው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። ፊታቸው በፈገግታ በርቷል።

«አካም ቡልተን! እንዴት አደርሽ፣ የኔ ልጅ!»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ። ይቀመጡ እንጂ። የልጁ ስም ማን ነው?»

«ያደታ።»

ያደታ ለሚባል ልጅ የተያዘ ቀጠሮ የለም።

«ምንዎ ነው?»

«ልጄ ነው» አሉ ፈጠን ብለው። ከዚያ ዘወር ብለው ልጁን አዩትና «አይ፣ የጎረቤት ልጅ ነው» ብለው አረሙ።

«የእርስዎስ ስም?»

«ኧረ እኔን የማያውቅ አለ ብለሽ ነው!» ብለው ሳቁ።

ገነትም ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ልጁ አይናገርም። ለብቻው ልታየው ፈልጋ እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ልታስገባው ስትል፣ ግቢውን በጩኸት አናጋው። ሽማግሌው ተከትለው ሲገቡ ዝም አለ። ገነት ይህንን አልወደደችውም።

ጠረጴዛው ላይ ልጅ የሚያማልል ነገር ሞልቷል፤ ባለቀለም ኩቦች፣ የምትጮህ ዳክዬ፣ የሚሽከረከር ፋን። ልጁ ዞር ብሎም አላያቸውም። ዓይኑን ከሽማግሌው ላይ አይነቅልም። ውኃ ብትሰጠው ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ እሳቸው አፍ አስጠጋው፤ እሳቸው ጠጥተው ሲጨርሱ የቀረውን ጨለጠ።

«ይኼ ልጅ ሳያስፈቅድ ውኃ እንኳን አይጠጣም ማለት ነው?» ብላ አሰበች።

«በሉ እንግዲህ፣ ገበያው ሳይፈታ ልሂድ» ብለው ሽማግሌው ተነሡ።

ልጁ ዘሎ ጋቢያቸውን ጨመደደና መልሶ አስቀመጣቸው።

ልጅ በር ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው እዚህ ትምህርት ቤት ብርቅ አይደለም። ይኼ ምስኪን ደግሞ ሊጣል መሆኑን አውቋል።

ምን እንደምታደርግ እስክታስብ በረንዳው ላይ ወጣችና ለኢቲቻ እናት ደወለችላት። የሐሙስ ቀጠሮ እንዳለፈባት ቢያንስ ትወቀው።

«ሄሎ፣ አቤኒ? ከትምህርት ቤቱ ነው። ቀጠሯችሁ እኮ…»

«ጠፋብኝ!» አለች ሴትዮዋ እያለቀሰች። «ስነሣ በሩ ወለል ብሎ አገኘሁት፤ እሱ የለም! ሰፈሩን አዳረስኩት፣ እስከ ወንዙ ወረድኩ። ብቻውን እኮ የትም አያውቅም! ስሙን ቢጠይቁት እንኳን አይናገርም!»

ገነት ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች።

«ኢቲቻ» ብላ ቀስ አድርጋ ጠራች።

ልጁ ቀና አለ።

«አይዞሽ፣ ተገኝቷል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኛ ጋ ነው ያለው። ምንም አልሆነም፤ ቶሎ ነይ።»

«ዋቃዮ ገለታ! ተመስገን! መጣሁ፣ መጣሁ! ብቻ እንዳትለቁት!»

ገነት ከድሩን በዓይኗ ጠቀሰችው።

«በሩን ቆልፍ። ሽማግሌው ለልጁ ማንም አይደሉም።»

«ማን፣ እኚህ አባት?»

«ስሙን እንኳን አያውቁትም። ከእናቱ ቤት ነው የወሰዱት።»

ከድሩ ዱላውን ይዞ ክፍሉ በር ላይ ተገተረ። ሽማግሌው አዩትና ቦታ ለቀቁለት።

«ብርድ እንዳይመታህ ግባ፣ የኔ ልጅ። ዕድሜ ይስጥህ።»

ከድሩ የሚያደርገው ጠፋው። ዱላውን ወደ ኋላው ደበቀ።

ብዙም ሳይቆይ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ። አቤኒ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ፣ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ባጃጁ በቅጡ ሳይቆም ወረደች። ገነት ልጁን በትከሻው ይዛ በረንዳው ላይ ጠበቀቻት። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገጥምም፤ የእሷም ዓይን እንባ አቅርሯል።

አቤኒ በአጠገባቸው እንደ ነፋስ አልፋ ገባች። ሽማግሌው አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ! አባ ኮ፣ አባቴ!»

«ደህና ነሽ ወይ? የማን ልጅ ነሽ?» አሏት ሽማግሌው፣ በትሕትና።

እሷ ግንባራቸውን ሳመች፣ ጋቢያቸውን አቃንታ አለበሰቻቸው። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ዘወር ስትል ነው በሩ ላይ የቆመውን ልጅ ያየችው።

«ኢቲቻ? እሱን ልፈልግ ስወጣ አክስትህ ጋ ትቼህ አልነበር እንዴ? አያትህን ከየት አግኝተህ ነው ያመጣኸው?»