አርባ አንድ ቀን «ቀሪ» የተባለችው ልጅ

«አርባ አንድ ቀን የት ነው የከረምሽው?!»

መሸሻ ከትምህርት ቤት የተላከለትን ደብዳቤ ልጁ ፊት ላይ ያርገበግበዋል...

ውዳሴ ትባላለች። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መስማት የተሳናት ስለሆነች የአባቷን ንዴት ከፊቱ ላይ ነው የምታነበው።

ደብዳቤው «ልጅዎ 41 ቀን ስለቀረች ከነገ ወዲያ ጀምሮ ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል» ይላል።

ውዳሴ እያለቀሰች ቦርሳዋን ትጠቁመዋለች... ደግማ ደጋግማ።

«አሁን ደግሞ ቦርሳ ታሳዪኛለሽ?!» ብሎ ቦርሳውን በእግሩ ገፋው።

በማግስቱ ጦር ኃይሎች ያለውን ሱቁን ሳይከፍት፣ ቀራንዮ ካለው ቤታቸው ጀምሮ በሩቁ ተከተላት።

ልጅቷ ወዲያ ወዲህ አላለችም። በቀጥታ ክፍሏ ገብታ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባት በመስኮት ያያል...

መምህርት ሰብሌ መዝገቡ ላይ አቀርቅራ ስም ትጠራለች።

«ሳያት?»
«አቤት!»
«ባምላኩ?»
«አቤት!»
«ውዳሴ?... ውዳሴ መሸሻ?... ቀሪ!»

ወገኖቼ... ልጅቷ እኮ እፊቷ ቁጭ ብላ እርሳስ እየቀረጸች ነው!!

መሸሻ በሩን በርግዶ ገባ።

«መምህርት፣ ይቺውና ልጄ! አትታይዎትም እንዴ?!»

«አባት፣ ሰባ ሁለት ተማሪ ነው ያለኝ። "አቤት" ያላለ ቀሪ ነው።»

«አትሰማም እኮ! ስትመዘገብ አስጽፌያለሁ!»

ነገሩ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደረሰ።

«እንደሷ ላሉት ልዩ ድጋፍ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ በጀት የለንም» አሉ።

«ቀና ብሎ ለማየት በጀት ያስፈልጋል?»

«ዛሬ መጣች ማለት ሁሌ ትመጣለች ማለት አይደለም። ማስረጃ አለዎት?»

መሸሻ ከየት ያምጣ?

ይሄኔ ውዳሴ ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው...

እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ከሰሌዳ የገለበጠችው ቀን አለ። ርዕሰ መምህሩ ከመዝገቡ ጋር እያስተያዩ ቆጠሩ። አርባ አንዱም ቀን አለ!

አላለቀም... የቤት ሥራዎቹ ሥር በቀይ እስክሪብቶ የተፈረመ ፊርማ አለ። የማን? የራሷ የመምህርት ሰብሌ!

«ቀሪ» እያለች ደብተሯን ስታርም ነበር!!

ስሟ ሳይሰረዝ ቀረ። አሁን በእጅ ምልክት ትጠራለች። አባቷ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር እንዲመደብላት ለወረዳው ማመልከቻ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነው።

ያን ዕለት ቢሮው ውስጥ መሸሻን ያንሰቀሰቀው ግን ሌላ ነው... በዋዜማው ስትጠቁመው የነበረው ይሄንኑ ደብተር ነበር። አንድ ቀን እንኳ ገልጦት አያውቅም።

ትምህርቱ፦ ውዳሴ አንድም ቀን አልቀረችም። የቀረነው እኛ ነን፤ ትምህርት ቤትም፣ ቤትም።

እስቲ ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ንገሩኝ... የልጃችሁን ደብተር ለመጨረሻ ጊዜ የገለጣችሁት መቼ ነው?