ጉዳዩ፦ ናፍቆትን ይመለከታል

ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ፍቅር ሲይዘውም በቁጥርና በቀን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ የምታስተምረው መምህርት "ለምትወዱት ሰው ደብዳቤ ጻፉ" ስትል፣ እሱ የሥራ አስኪያጁን ጸሐፊ አልጋነሽን አሰበና "ጉዳዩ፦ ናፍቆትን ይመለከታል" ብሎ ጀመረ።

መምህርቷ ሳቋ አመለጣት። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማመልከቻ ነው! የግል ደብዳቤ ቁጥር የለውም፣ ጉዳዩ የለውም። ልክ እንደሚያወሯት አድርገው ይጻፉት።"

ሳምንቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ታገለ። ቁጥሩን ሰረዘ። ጉዳዩን ሰረዘ። "ከታላቅ አክብሮት ጋር" የምትለዋን ለመሰረዝ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ በዚያችው በሚያውቃት እንግሊዝኛ ሦስት መስመር ቀረች፦ እወድሻለሁ። ሳቅሽ ደስ ይለኛል። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት እጠብቅሻለሁ።

"አሁን ገና ደብዳቤ ሆነ!" አለችው መምህርቷ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቶ በንጹሕ ወረቀት ጻፈው። በእጁ ለመስጠት አፍሮ ከሌላው ደብዳቤ ጋር በተላላኪ ላከው።

ከሥራ ሲወጣ ፀጉሩን አበጥሮ ሻይ ቤቱ ደረሰ። አልጋነሽ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሥራ አስኪያጁ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጎን የፋይናንስ ኃላፊው፣ ከዚያ ሰው ኃይል አስተዳደር በሙሉ።

አልጋነሽ ሳቋን እንደያዘች ወረቀቱን ዘርግታ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ አሳየችው።

"ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለፋይናንስ፣ ለሰው ኃይል፣ ለጥበቃ ክፍል።"

"ና ተቀመጥ እንጂ" አለ ሥራ አስኪያጁ ወንበር እየሳበለት። "ጥበቃዎቹም በሩን ዘግተው እየመጡ ነው።"